ገብረ ክርስቶስ ደስታ፦ ሠዓሊና ገጣሚ

በትምህርት ቤታችን የዓመቱ መዝጊያ በዓል ላይ «ሀገሬ» የተባለው ግጥም ሳይነበብ የቀረበትን ዓመት አላስታውስም። አምና ግጥሙን በቃሏ ያቀረበች አንዲት የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ከመድረክ እንደወረደች ወደ እኔ መጥታ፣ ይህን የጻፈው ሰው በመጨረሻ ሀገሩ ገባ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። እናቷ ልትወስዳት በር ላይ ቆማለች፤ ከዋያኪ መንገድ የሚመጣው የማታቱ ጥሩምባ ደግሞ አያነጋግርም። አልገባም ብዬ ብቻ ሸኘኋት። ከአንድ ርዕሰ መምህር የሚጠበቅ መልስ አልነበረምና ዘንድሮ በዚህ መጽሔት ላይ ልመልስላት ወደድኩ።

ገብረ ክርስቶስ ደስታ እ.ኤ.አ. በ1932 በሐረር ከተማ ተወለደ። አባቱ አለቃ ደስታ ነቅዐጥበብ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነበሩ፤ የብራና መጻሕፍትንም በሥዕል ያስጌጡ ነበር። ስለዚህ ልጁ ከቀለምና ከብራና ጋር የተዋወቀው ገና በአባቱ ቤት ነው። አራት ዓመት ሲሆነው የፋሺስት ጣልያን ጦር ሐረር ገባ። ካደገ በኋላ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ገብቶ እርሻ ማጥናት ጀምሮ ነበር፤ ግን አልጨረሰውም። (ልጃቸው ሐኪም ወይም መሐንዲስ ካልሆነ እንቅልፍ የማይወስዳቸው ወላጆች ይህን ዓረፍተ ነገር ደግመው ቢያነቡት ደስ ይለኛል።) ትቶት የሄደው ወደ ሥዕሉ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1957 ጀርመን አገር ኮሎኝ ከተማ ሄዶ እስከ 1961 ድረስ ሥዕል ተማረ። እዚያ ያገኘው ከአባቱ ሥራ በጣም የራቀ ነገር ነበር። ቅርጽ ሲሰባበር፣ ቀለም ብቻውን ስሜት ሲሸከም፣ ሥዕልም የሚታይን ነገር ባይመስልም ሥዕል ሆኖ ሲቆም አየ። ይህንን ይዞ ተመለሰና አለ ፈለገ ሰላም በመሠረቱት የአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት መምህር ሆነ።

ሰው ግን ወዲያው እጁን ዘርግቶ አልተቀበለውም። ረቂቅ ሥዕሎቹን ያዩ ብዙዎች ይህ የፈረንጅ ነው፣ ኢትዮጵያዊነት የለውም አሉት። እኔ ይህን ወቀሳ ሳነብ ሁልጊዜ ትዝ የሚሉኝ ናይሮቢ ተወልደው ያደጉ ልጆቻችን ናቸው፤ ለክረምት አዲስ አበባ ሲሄዱ አማርኛቸው ተሰምቶ እናንተማ ኬንያዊ ሆናችኋል የሚባሉት። እ.ኤ.አ. በ1963 የሣለውን «ጎልጎታ» ተመልከቱ። ርዕሱ የስቅለት ነው፤ የአባቱ የብራና ሥዕሎች የኖሩበት ዓለም ማለት ነው። አሣሣሉ ግን ሌላ ነው። የክርስቶስ ሥጋ በደም ቀይ ቀለም ውስጥ ጠፍቶ፣ ከመልኩ ይልቅ ሕመሙ ነው ጎልቶ የሚታየው። ታዲያ ይህ ሥዕል የማን ነው? የኮሎኝ ነው ወይስ የሐረር? እኔ የሁለቱም ነው ባይ ነኝ። እሱ ራሱ በወቀሳው ምክንያት አሣሣሉን አልለወጠም። እ.ኤ.አ. በ1965 ደግሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት በሥነ ጥበብ ተሰጠው። ካስተማራቸው አንዱ ታደሰ መስፍን ሲሆን፣ እሱም በተራው በዚያው ትምህርት ቤት ለብዙ ዓመታት መምህር ሆኗል።

በግጥሙም እንዲሁ ነበር። በተለመደው የቤት አመታትና ምጣኔ አልታሰረም፤ ስንኙን አንዴ ያስረዝመዋል፣ አንዴ በአንድ ቃል ይቆርጠዋል። «የጠፈር ባይተዋር» የሚለው ግጥሙ ርዕሱ ብቻ እንኳ ሰውየው ምን ያህል ሩቅ ያስብ እንደነበር ይነግራል። ከሁሉ የታወቀው ግን «ሀገሬ» ነው። የሚገርመኝ ይህ ነው፦ ሥዕሉ የኢትዮጵያ አይደለም የተባለው ሰው የጻፈው ግጥም፣ ከሀገሩ የራቀ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ናፍቆቱን የሚናገርበት ሆነ።

ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ኑሮ ለእሱም እየጠበበ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ከሀገር ወጥቶ ጀርመን ገባ፤ ከዚያም ወደ አሜሪካ ተሻገረ። ኦክላሆማ ውስጥ በምትገኘው ላውተን ከተማ ጥቂት ጊዜ እንደኖረ እ.ኤ.አ. መጋቢት 30 ቀን 1981 ሞተ። ሃምሳ ዓመት አልሞላውም ነበር። ሐረርንም አዲስ አበባንም ዳግም አላየም።

ግጥሞቹ ከሞተ ከብዙ ዓመታት በኋላ ተሰብስበው «መንገድ ስጡኝ ሰፊ» በሚል ርዕስ ታተሙ። ጀርመን አገር ቀርተው ከነበሩት ሥዕሎቹም ብዙዎቹ ወደ አዲስ አበባ ተመልሰዋል፤ ስድስት ኪሎ አካባቢ የሚገኘው የዩኒቨርሲቲው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም በስሙ ይጠራል። አምና የጠየቀችኝ ተማሪ በዚህ ክረምት ከቤተሰቧ ጋር አዲስ አበባ እንደምትሄድ ሰምቻለሁ። ሙዚየሙን ለእናቷ በወረቀት ጽፌ ሰጥቻቸዋለሁ። ስትመለስ የትኛው ሥዕል ፊት ብዙ እንደቆመች እጠይቃታለሁ።