የነጥቦቹ ባለቤት



በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለን በኬሚስትሪ ደብተራችን ላይ በአቶም ምልክት ዙሪያ ነጥብ ያልደረደርን የለንም። ፈተናው ሲያልፍ ግን ነጥቦቹን ማን እንደጀመራቸው ሳንጠይቅ ደብተሩን ዘጋነው። በዛሬው እትማችን የእኚህን ሰው፣ የጊልበርት ኒውተን ሉዊስን ሕይወት በአጭሩ እንመለከታለን።

ሉዊስ በ1875 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት ተወለዱ። በልጅነታቸው የተማሩት በአብዛኛው ቤታቸው ውስጥ ነበር። በ1899 ግን ገና በ23 ዓመታቸው ከሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪ ያዙ። አብዛኞቻችን የመጀመሪያ ዲግሪያችንን በምንጨርስበት ዕድሜ ማለት ነው።

በ1902 ኬሚስትሪ ሲያስተምሩ አንድ ጥያቄ አላስተኛቸው አለ፤ አቶሞችን አንድ ላይ የሚይዛቸው ምንድን ነው? ኤሌክትሮን ከተገኘ ገና አምስት ዓመቱ ነበር። ሉዊስ አቶምን እንደ ሳጥን ሳሉት፤ በስምንቱ ማዕዘኖች ላይም ኤሌክትሮኖችን አስቀመጡ። የገበታ ጨው በዚህ ተብራራ፤ ሶዲየም አንድ ኤሌክትሮን ይሰጣል፣ ክሎሪን ይቀበላል፣ ተቃራኒ ሙላት ስለሚይዙም ይሳሳባሉ። ሃይድሮጂን ግን አስቸገረ። ሁለት ፍጹም ተመሳሳይ አቶሞች ሲገናኙ ሰጪው ማን ነው? ተቀባዩስ?

መልሱ በጽሑፍ የወጣው ከ14 ዓመት በኋላ፣ በ1916 ነው። ሰጪም ተቀባይም የለም፤ ሁለቱ አቶሞች ጥንድ ኤሌክትሮን ይጋራሉ። ውኃን እንውሰድ። ኦክስጅን በውጫዊው ክፍል ስድስት ኤሌክትሮኖች አሉት፤ ሁለቱ ሃይድሮጂኖች ደግሞ አንድ አንድ። ከእያንዳንዳቸው ጋር አንድ ጥንድ ሲጋራ የኦክስጅን ቁጥር ስምንት ይሞላል፣ የሃይድሮጂኖቹ ደግሞ ሁለት ሁለት ይሆናል። ጥንዱ አቶሞቹን ለምን እንደሚያስር በኳንተም መካኒክስ የተሰላው በ1927 ሲሆን፣ ያሰሉትም ሃይትለርና ለንደን ናቸው።

ከ1919 ጀምሮ ኧርቪንግ ላንግሙር የተባለ ጎበዝ ተናጋሪ ሐሳቡን አስፋፋው፣ ኮቫለንት የሚለውንም ስም አወጣለት። ላንግሙር መነሻው የሉዊስ ሥራ መሆኑን አልካደም፤ ሆኖም ብዙዎች ሐሳቡን በእርሱ ስም መጥራት ጀመሩ። ሉዊስም ቅር አላቸው። በ1932 ላንግሙር በሌላ ሥራው የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ሉዊስ በተደጋጋሚ ታጭተው አንድም ጊዜ አላገኙም።

ቅሬታቸው ግን ከሥራ አላገዳቸውም። ከ1912 ጀምሮ በበርክሌይ በመሩት የኬሚስትሪ ክፍል ውስጥ ካለፉት መካከል ዩሬይ፣ ጂዮክና ሲቦርግ እርሳቸው ያጡትን ሽልማት ወሰዱ። በ1946 በ70 ዓመታቸው ሞት ያገኛቸው ቤተ ሙከራቸው ውስጥ ነው።

እኛስ? በቡድን ሥራ ጊዜ ማን ለፋ፣ ማን አቀረበ የሚለው ጭቅጭቅ የሁላችንም ነው። አቅራቢዎች ከሆንን የለፋውን ሰው ስም በግልጽ እንጥራ። የለፋነው እኛ ሆነን ስማችን ካልተጠራም ኒያችንን አስተካክለን ወደ ሥራችን እንመለስ። በደብተራችን የተደበቀ ሐሳብ ካለም 14 ዓመት አናስቆየው።