የደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ ሕይወትና ዝም ያለው ቁስለኛ

በልደታ ሰፈር ተወልጄ ያደግሁ ስለሆንሁ፣ ባልቻ የሚለው ስም ለእኔ መጀመሪያ የሆስፒታል ስም ነበር። የስሙን ባለቤት ማንነት ሳልጠይቅ ዐሥረኛ ክፍል ደረስሁ። እንድጠይቅ ያደረገኝ ባለፈው ክረምት በሰፈራችን መንገድ ላይ የደረሰ የመኪና አደጋ ነው።

በዚያ ቀን ሁለት ሰዎች ተጎዱ። አንዲት ሴት ክንዷ ተሰብሮ ትጮኽ ስለ ነበር ሁላችንም ወደ እርስዋ ሮጥን። ከግንቡ ሥር አንድ ልጅ ዝም ብሎ ተቀምጧል። ደም ስላላየሁበት ደኅና ነው ብዬ ሁለት ጊዜ አለፍሁት። በመጨረሻም ውሃ ላጠጣው ስል አንዲት መንገደኛ ነርስ ከለከሉኝ። ፊቱ አመድ መስሎ፣ ግንባሩን ቀዝቃዛ ላብ አጥምቆት ነበር። ነርሷ የእጁን ደም ሥር ዳሰሱ፤ ትርታው ፈጣን ግን ደካማ ነበር። ወዲያው በጀርባው አስተኝተው በጋቢ ሸፈኑትና መኪና አስጠሩ። ደሙ የሚፈሰው በሆዱ ውስጥ ኖሯል። ልጁ ባልቻ ሆስፒታል ገብቶ ዳነ።

ከዚህ በኋላ የደጃዝማች ባልቻን ታሪክ ባነብብ፣ እርሳቸውም በልጅነታቸው የወደቁ ቁስለኛ እንደ ነበሩ አገኘሁ። ንጉሥ ምኒልክ ከሸዋ ወደ ደቡብ ምዕራብ በዘመቱበት ጊዜ፣ ባልቻ ሳፎ ክፉኛ ቆስለው፣ እንደ ሞተ ሰው ተጥለው በጦር ሜዳ ተገኙ ይባላል። ሰው ቀርቦ ስላያቸው ነፍሳቸው ተረፈ። በምኒልክ ቤት አድገውም በታማኝነታቸው እስከ በጅሮንድነት ደረሱ።

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ ጦርነት የመድፈኞቹ አለቃ ሆነው ተዋጉ። ፊታውራሪ ገበየሁ በወደቁበት በዚያ ቀን የባልቻ መድፍ ያደረገው ሥራ በሕዝብ ዘፈን ሲነሣ ይኖራል። በዚያው ዓመት የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች የዐድዋን ቁስለኞች ሊያክሙ ወደ አገራችን መጡ።

ባልቻ ደጃዝማች ተብለው ሲዳሞንና ሐረርን ገዙ። ግትርና ኃይለኛ ስለ ነበሩ የገዟቸው ሰዎች ሁሉ ወደዷቸው ለማለት አይቻልም። በ1920 ዓ.ም. ከራስ ተፈሪ ጋር ተጣልተው ብዙ ሠራዊት አስከትለው ወደ አዲስ አበባ ቢመጡም፣ ሠራዊታቸው ተበትኖባቸው ከሹመታቸው ወረዱ። ነገር ግን በ1928 ዓ.ም. ጠላት አዲስ አበባን በያዘ ጊዜ፣ ቂማቸውን ትተው በሽምግልናቸው መሣሪያ አነሡ። በ1929 ዓ.ም. ለአገራቸው ሲዋጉ ወደቁ። በስማቸው የተሰየመው ሆስፒታል በሶቪየት ቀይ መስቀል ሐኪሞች ሲረዳ መኖሩን ሳውቅ፣ ለዐድዋ ቁስለኞች የመጡት ሐኪሞች ትዝ አሉኝ።

ነርሷ ያስተማሩኝን ለጓደኞቼ ላካፍል። ሐኪሞች ሾክ የሚሉት ከድንጋጤ የተለየ ነው፤ ደም በመፍሰሱ ወይም በሌላ ምክንያት የደም ዝውውር ተዳክሞ ለአንጎልና ለልብ በቂ ደም ሳይደርስ ሲቀር የሚመጣ አደጋ ነው። ምልክቱ የፊት መገርጣት፣ የቆዳ መቀዝቀዝና በላብ መራስ፣ ፈጣንና ደካማ ትርታ፣ ቶሎ ቶሎ መተንፈስ፣ ጥማትና መቁነጥነጥ ነው። ኋላም ቁስለኛው ይፈዝዛል፣ ዝም ይላል። የሚፈስ ደም ቢታይ በንጹሕ ጨርቅ አጥብቆ መጫን ያስፈልጋል። ቁስለኛውን በጀርባው ማስተኛት፣ አጥንቱ ወይም አከርካሪው አለመጎዳቱ ሲታወቅ እግሩን ከፍ ማድረግ፣ እንዳይበርደው መሸፈንና ፈጥኖ ወደ ሐኪም ማድረስ ይገባል። ቢጠማውም ምንም አይጠጣም፤ ሊያስመልሰውና ሊያንቀው፣ ለቀዶ ሕክምናም ሊያስቸግር ይችላልና።

የሚጮኽ ሰው ቢያንስ ትንፋሽ አለው፤ ረዳትም ይጠራል። ዝም ያለውን ግን እኛው ሄደን ካላየነው ማንም አይጠራለትም። አንድ የወደቀ ልጅ ቀርቦ የሚያየው ባያገኝ ኖሮ፣ ዐድዋ አንድ መድፈኛ ይጎድላት ነበር። እኔ ሁለት ጊዜ ያለፍሁት ልጅ ዛሬ ከእኛ በታች ባለው ክፍል ይማራል። ነገ ምን እንደሚሆን ማን ያውቃል?