ከአንድ ጓሮ ያመለጠው አባ ጨጓሬ
የኤቲየን ሌዎፖልድ ትሩቬሎ የሕይወት ታሪክ

አንድ ሰው በጓሮው የፈጸመው ስሕተት የአንድን ታላቅ አገር ደን ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ሲያስበላ ኖሯል። ሰውዬው ክፉ ሰው አልነበረም። ታታሪ፣ ተመራማሪና እጁ የተባረከ ሠዓሊ ነበር። ስሙም ኤቲየን ሌዎፖልድ ትሩቬሎ ይባላል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ትሩቬሎ በ1827 በሰሜን ፈረንሳይ ተወለደ። በ1851 መጨረሻ ሉዊ ናፖሊዮን መፈንቅለ መንግሥት አድርጎ ሥልጣኑን ሲጠቀልል፣ የሪፐብሊክ ደጋፊ የነበረው ትሩቬሎ ከነቤተሰቡ ወደ አሜሪካ ተሰደደ። በማሳቹሴትስ ግዛት፣ ከቦስተን ከተማ አጠገብ በምትገኘው በሜድፎርድ ተቀመጠ። መተዳደሪያውም የሥዕል ሥራ ነበር።

በ1860ዎቹ ዓመታት ሐር የማምረት ሐሳብ ያዘው። የአገሩን አየርና ቅጠል የለመደ የሐር ትል ለማግኘት ሲፈልግ፣ የኦክ ዛፍ ቅጠል የሚበላ አንድ የአሜሪካ የእሳት እራት አገኘ። ከቤቱ በስተጀርባ 2 ሄክታር ያህል ቁጥቋጦ መሬት ይዞ ዛፎቹን በመረብ እየሸፈነ እስከ አንድ ሚሊዮን የሚደርስ ትል ማርባቱን በ1867 ባሳተመው ጽሑፍ ገልጿል። ወፎች መረቡን እየቀደዱ ትሉን ይለቅሙበት ስለነበር ድካሙ ቀላል አልነበረም።

በዚህ ብቻ ግን አላበቃም። በ1860ዎቹ መጨረሻ ጂፕሲ ሞዝ የተባለውን የእሳት እራት እንቁላል ከአውሮፓ አስመጣ። በዚያን ጊዜ ባዕድ ነፍሳት ወደ አገር እንዳይገቡ የሚከለክል ሕግ በአሜሪካ አልነበረም። የዕፀዋት ኳራንቲን ሕግ የወጣው ከአርባ ዓመት በላይ ዘግይቶ በ1912 ነው። ብዙም ሳይቆይ ከእነዚህ ነፍሳት ጥቂቶቹ ከትሩቬሎ ጓሮ አመለጡ። እርሱም የአደጋውን ክብደት በመረዳት ያገኘውን ያህል እንዳጠፋና ነገሩን በይፋ እንዳስታወቀ ይነገራል። ሰሚ ግን አላገኘም። ጥቂት ትሎች ዛፍ ላይ መታየታቸው ለጎረቤቶቹ የሚያስጨንቅ ጉዳይ አልነበረም።

ከዚህ በኋላ ትሩቬሎ ትሎቹን ትቶ ዓይኑን ወደ ሰማይ አነሣ። የሥዕል ችሎታው ታውቆ በ1872 በሃርቫርድ የኮከብ መመልከቻ ጣቢያ ሥራ ተሰጠው። ፎቶግራፍ ገና ባልዳበረበት ዘመን ፀሐይን፣ ጨረቃንና ፕላኔቶችን በቴሌስኮፕ እየተመለከተ በዝርዝር ይሥል ነበር። በዘመኑ የሣላቸው የሰማይ ሥዕሎች 7 ሺህ ያህል ይሆናሉ። በ1882 ወደ ፈረንሳይ ተመልሶ በሜዶን የኮከብ መመልከቻ ጣቢያ ይሠራ ጀመር። በጨረቃና በማርስ ላይ በስሙ የተሰየሙ ጉድጓዶች ይገኛሉ።

ጓሮው ግን ዝም ብሎ አልተቀመጠም። ያመለጡት ነፍሳት ለሃያ ዓመት ያህል በዝምታ ተራቡ። በ1889 ሜድፎርድ በአባ ጨጓሬ ተወረረች። የፍራፍሬና የጥላ ዛፎች በበጋ ወራት ቅጠል አልባ ሆኑ። ትሎቹ የቤቶችን ግድግዳና የእግረኛ መንገዶችን ሞሉ። የነፍሳቱን ማንነት ለይታ ያወቀችው በአምኸርስት የግብርና ኮሌጅ መምህር የነበረው የቻርልስ ፈርናልድ ባለቤት ማሪያ ፈርናልድ ነበረች።

የዚህ ተባይ ጠባይ ሊታወቅ ይገባዋል። አንዲት ሴት የእሳት እራት በመቶ የሚቆጠሩ፣ አንዳንዴም እስከ አንድ ሺህ የሚደርሱ እንቁላሎችን በአንድ ላይ ጥላ በሰውነቷ ጠጉር ትሸፍናቸዋለች። እንቁላሉ በዛፍ ግንድ፣ በድንጋይ፣ በአጥርና በጋሪ ላይ ተጣብቆ ስምንት ወር ያህል ሳይፈለፈል ይቆያል። ሴቲቱ ክንፍ ቢኖራትም አትበርም። የተፈለፈለው ትል በክሩ ተንጠልጥሎ ነፋስ ይወስደዋል፤ ወደ ሩቅ አገር የሚያደርሰው ግን እንቁላል የያዘ ማገዶና ዕቃ የሚያጓጉዝ ሰው ነው።

የማሳቹሴትስ መንግሥት ከ1890 ጀምሮ ዘመቻ ከፈተ። ሠራተኞች እንቁላሉን ከየግንዱ እየፋቁ አቃጠሉ። ትሉ ቀን ቀን የሚሸሸግበት ጆንያ በግንዱ ዙሪያ እየታሰረ፣ የተሰበሰበው ትል በየቀኑ ተገደለ። አርሴኒክ ያለበት መርዝም ተረጨ። በአሥር ዓመት ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጣ። ተባዩም በእጅጉ ቀነሰ። ትሩቬሎ በ1895 በሜዶን ሲሞት ዘመቻው በመካሄድ ላይ ነበር።

በ1900 ግን ምክር ቤቱ ተባዩ ከእንግዲህ አያሰጋም ብሎ ገንዘቡን አቋረጠ። የቀረው ጥቂት ነበር፤ ጥቂቱ ግን በቂ ነበር። ሥራው እንደገና በተጀመረበት በ1905 ተባዩ ወደ ሮድ አይላንድና ወደ ኒው ሃምፕሽር ተሻግሮ ነበር። ከዚያ በኋላ ፈጽሞ ሊያጠፋው የቻለ አልተገኘም። በ1981 ብቻ ከ5 ሚሊዮን ሄክታር በላይ ደን ቅጠሉን ተበላ።

ተባዩን በተፈጥሮ ጠላቱ ለመግታት በተደረገው ጥረትም መልካምና ክፉ ውጤት ታይቷል። ከጃፓን የተገኘ አንድ የሻጋታ ዓይነት ከ1989 ወዲህ ትሉን በብዛት ሲገድል ታይቷል። በ1906 ከአውሮፓ የገባች አንዲት ዝንብ ግን ጂፕሲ ሞዝን ብቻ ሳይሆን የአገሩን የእሳት እራቶች ጭምር ጨረሰች። ከተጎጂዎቹ መካከል ትሩቬሎ በመጀመሪያ በመረብ ሥር ያረባው ያው የሐር ትል ይገኝበታል።

ከትሩቬሎ ሕይወት ደን የሚያለማ ማኅበር መሪ ሦስት ነገር ይማራል። አንደኛ፣ ከሩቅ የመጣ ችግኝ፣ ዘርና ማገዶ ሳይመረመር ወደ ቀበሌው መግባት የለበትም። ሁለተኛ፣ ያልተለመደ ትል አየሁ የሚል አባል ሲመጣ፣ የታየው ጥቂት ነው ተብሎ ሊናቅ አይገባም፤ ናሙናው በዕለቱ ለግብርና ባለሙያ መድረስ አለበት። ሦስተኛ፣ የተባይ ዘመቻ የሚቆመው ተባዩ ከዓይን ሲሠወር ሳይሆን ግንዱ፣ ድንጋዩና አጥሩ ተደጋግሞ ተፈትሾ እንቁላል አለመኖሩ ሲረጋገጥ ነው። በሜድፎርድ በአንድ ቀን ሊለቀም ይችል የነበረው ትል፣ ሃያ ዓመት ችላ ቢባል ትውልድ የማይጨርሰው ሥራ ሆኗል።