ኤሮል ፍሊን፦ በችሎት ነጻ፣ በቀልድ ጥፋተኛ

ኤሮል ፍሊን እ.ኤ.አ. ጁን 20 ቀን 1909 በታስማኒያ፣ ሆባርት ከተማ ተወለደ። አባቱ የታወቁ የባሕር ሥነ ሕይወት ምሁር ነበሩ፤ ልጁ ግን ከትምህርት ይልቅ ጀብዱን መርጦ በኒው ጊኒ በልዩ ልዩ ሥራ ዕድሉን ሲሞክር ቆየ። በ1935 «ካፕቴን ብለድ»፣ በ1938 ደግሞ የሮቢን ሁድ ፊልም የሆሊውድ ከዋክብት ተርታ አሰለፉት። በሸራው ላይ ድኻ የሚታደግ፣ ሹመኛ የሚገዳደር መልከ መልካም ጀግና ነበር፤ ተመልካቹም ሰውየውን ከገጸ ባሕርዩ ለይቶ ማየት ተሳነው።

በ1942 ዕድሜያቸው 18 ያልሞላ ሁለት ልጃገረዶች የግብረ ሥጋ በደል ፈጽሞብናል ሲሉ ከሰሱት፤ አንደኛዋ በሎስ አንጀለስ አንድ ግብዣ በነበረበት ቤት፣ ሌላዋ «ሲሮኮ» በተባለች የመዝናኛ መርከቡ ላይ። ጉዳዩ በጃንዋሪ 1943 ለችሎት ቀረበ። በካሊፎርኒያ ሕግ 18 ዓመት ያልሞላት ልጅ ፈቃድ ዋጋ አልነበረውም። ስለዚህ የሚጣራው ሁለት ነገር ብቻ መሆን በተገባው ነበር፦ ድርጊቱ ተፈጽሟል ወይስ አልተፈጸመም? የልጅቷስ ዕድሜ ስንት ነው? ጠበቃው ጄሪ ጊስለር ግን ምርመራውን ወደ ከሳሾቹ ያለፈ ሕይወት አዞረው። ከማን ጋር እንደ ዋሉና እንደ አደሩ በአደባባይ ተጠየቁ፤ ጋዜጦችም ዝርዝሩን ለአንባቢ አደረሱ። ከ12ቱ የጁሪ አባላት 9ኙ ሴቶች ነበሩ። ፌብሩዋሪ 6 ቀን ፍሊን ከክሱ ሁሉ በነጻ ተሰናበተ።

ያን ውሳኔ ዛሬ እንደ ገና መፍረድ የታሪክ ተመራማሪ ሥራ አይደለም። መመርመር ያለበት የሕዝቡ ምላሽ ነው። ሕዝቡ ፍሊንን ንጹሕ ሰው ነው ብሎ ቢያምን ኖሮ፣ ስሙ በሐሰት ጎደፈ ብሎ ባዘነለት ነበር። የሆነው ሌላ ነው፤ ስሙ በተለይ በወታደሮች ዘንድ ሴትን በቀላሉ ለሚያገኝ ወንድ መጠሪያ ሆነ። ይህ ቀልድ የሚያስቀው ድርጊቱ እንደ ተፈጸመ አስቀድሞ ለሚገምት ሰው ብቻ ነው። እንግዲህ ብዙዎች ያመኑት ድርጊቱ አለመፈጸሙን ሳይሆን፣ ቢፈጸምም ጉዳት አለመሆኑን ነበር።

ከሁለት ዐሥርት ዓመታት በፊት የኮሜዲ ተዋናዩ ሮስኮ አርበክል ከአንዲት ተዋናይት ሞት ጋር በተያያዘ ተከስሶ በ1922 በነጻ ቢለቀቅም ፊልሞቹ ታግደውበታል። በእርግጥ የአርበክል ጉዳይ ሞት ያለበት ነውና ሁለቱ አንድ አይደሉም። ቢሆንም ወፍራሙ አስቂኝ ሰው ነጻ ተብሎ ሲወገድ፣ መልከ መልካሙ ነጻ ተብሎ ይበልጥ መወደዱ፣ የዝነኛ ሰው መብት በገንዘብ ብቻ የሚገዛ አለመሆኑን ያሳያል። ፍሊንም ይህን የተረዳ ይመስላል፤ ከሞተ በኋላ ለኅትመት የበቃው ግለ ታሪኩ ብልግናውን በርእሱ ላይ ሳይቀር የሚያውጅ ነው።

ኦክቶበር 14 ቀን 1959 በካናዳ፣ ቫንኩቨር በ50 ዓመቱ ሲሞት አብራው የነበረችው ወዳጁ 17 ዓመቷ ነበር። ግንኙነታቸው የተጀመረው 15 ዓመቷ ሳለ ሲሆን፣ ከፊልሙ ዓለም የተሰወረ አልነበረም። በዚህ ግንኙነት ፍሊን አልተከሰሰም።