የእቴጌ መነን መንገድ፦ የስድስት ቀን መሄጃ፣ የአምስት ዓመት መመለሻ

ከአዲስ አበባ እስከ ቴላቪቭ በአየር 2,600 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አውሮፕላን በአራት ሰዓት ገደማ ይደርሳል፤ ከዚያ ወደ ኢየሩሳሌም መንገዱ ቅርብ ነው። እቴጌ መነን ግን ከአዲስ አበባ ተነሥተው ኢየሩሳሌም ለመግባት ስድስት ቀን ፈጀባቸው። ያለፉትም በእኛው በድሬዳዋ ነው።

እቴጌ መነን የአምባሰሉ ጃንጥራር አስፋው ልጅ፣ በእናታቸው በወይዘሮ ስኂን በኩል ደግሞ የወሎው ንጉሥ ሚካኤል የልጅ ልጅ ናቸው። በ1903 ዓ.ም. የሐረርን አገረ ገዥ ደጃዝማች ተፈሪ መኮንንን አግብተው ስድስት ልጆች ወለዱ። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ባለቤታቸው ሲነግሡ እርሳቸውም እቴጌ ተባሉ። ከዚያ ብዙ ሳይቆዩ አዲስ አበባ ላይ በስማቸው የሚጠራውን የሴቶች ትምህርት ቤት አቋቋሙ። ሴት ልጅን ከጓዳ አውጥቶ ትምህርት ቤት መስደድ ባልተለመደበት ዘመን ይህ ቀላል ሥራ አልነበረም።

ኢየሩሳሌምን አስቀድመው ያውቋታል፤ ከጣልያን ወረራ በፊት ሄደው ተሳልመዋል። ሁለተኛው ጉዞ ግን ስደት ሆነ። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. የጠላት ጦር አዲስ አበባ ሊገባ ሦስት ቀን ሲቀረው ከንጉሡና ከልጆቻቸው ጋር በባቡር ወጡ። ባቡሩ ድሬዳዋን አልፎ በማግሥቱ ጅቡቲ ደረሰ፤ ይህ 784 ኪሎ ሜትር ነው። በ26 በእንግሊዝ የጦር መርከብ ተሳፈሩ። በቀይ ባሕርና በስዊዝ በኩል አልፈው በ30 ሐይፋ ወረዱ፤ በዚያው ቀን በባቡር ኢየሩሳሌም ገቡ።

መሄጃው ስድስት ቀን፣ መመለሻው ግን አምስት ዓመት ሆነ። ከፊሉን በእንግሊዟ ባዝ ከተማ፣ ከፊሉን በኢየሩሳሌም አሳለፉት። ወደ አገራቸው የገቡት በ1933 ዓ.ም. ጠላት ከተባረረ በኋላ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያ በረራውን በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ያደረገው ደግሞ በ1938 ዓ.ም. ነው፤ ያ ሁሉ መንገድ ወደ ሰዓታት ሲያጥር እቴጌይቱ ለማየት በቅተዋል። የካቲት 8 ቀን 1954 ዓ.ም. አረፉ።

ይህን የጻፍኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ዛሬ ልጆቻችን ለሥራ የሚሄዱባት ቤይሩት ከቴላቪቭ ብዙም አትርቅም፤ ማታ ሸኝተን ጠዋት ደረስኩ ብላ ትደውላለች። መሄዱ እንዲህ አጥሯል፤ መመለሱ ግን ዛሬም ዓመታት ይፈጃል። እቴጌ እንኳ ዘውድ ይዘው አምስት ዓመት ጠብቀዋል። እንግዲህ ልጃችን ስትነሣ ስንት ሰዓት ትበራለች ብለን ብቻ አንቅር። ውሉ ስንት ዓመት ነው? ፓስፖርቷ በማን እጅ ይቆያል? የመመለሻ ቲኬቷን ማን ይከፍላል? ብትቸገር ለማን ትደውላለች? የዚህን መልስ በወረቀት ይዘን እንሸኛት።