ብንያም፤ በአንድ ሌሊት ሁለት ስም የተሰጠው ሕፃን

ስም ለሰው ልጅ ከእናቱ ጡት ጋር የሚሰጠው የመጀመሪያ ስጦታ ነው። ሕፃኑ ገና ክፉና ደጉን ሳይለይ፥ ወላጆቹ በልባቸው ያለውን ደስታ ወይም ኀዘን፥ ተስፋ ወይም ቂም በአንድ ቃል አጠቃልለው በላዩ ያኖሩበታል፤ እርሱም ያን ቃል ሳይመርጠው እስከ መቃብሩ ድረስ ይዞት ይሄዳል። ስለዚህ ከወላጆች መካከል ስሙን ካወጡ በኋላ ልባቸው የሚከፈል፥ ምነው ሌላ ስም ባወጣንለት ኖሮ እያሉ የሚጸጸቱ ጥቂቶች አይደሉም። አንዳንዶችም አንድ ጊዜ የወጣን ስም መለወጥ በእግዚአብሔር ዘንድ በደል እንዳይሆንባቸው ፈርተው ነገሩን ለማንም ሳይገልጡ ይኖራሉ። እኛም ስለዚህ ነገር ከቅዱሳት መጻሕፍት የሚያስተምረንን ስንፈልግ ከያዕቆብ 12 ልጆች የመጨረሻው የሆነውን የብንያምን ታሪክ አገኘን፤ እርሱ በተወለደባት በዚያችው ሰዓት እናቱ ያወጣችለት ስም በአባቱ ተለውጦአልና።

የብንያም እናት ራሔል የላባ ታናሽ ልጅ ነበረች። ያዕቆብ ከወንድሙ ከዔሳው ቍጣ ሸሽቶ ወደ አጎቱ አገር በመጣ ጊዜ በውኃ ጕድጓድ አጠገብ አያት፤ ወደዳትም፤ ስለ እርስዋም 7 ዓመት አገለገለ። ላባ ግን በሠርጉ ሌሊት ታላቂቱን ልያን ሰጠው፤ ያዕቆብም ስለ ራሔል ዳግመኛ 7 ዓመት ለማገልገል ግዴታ ገባ። ከዚህ በኋላ ልያ ልጆችን ስትወልድ ራሔል መካን ሆና ቀረች። ልያ በባልዋ ዘንድ እንደማትወደድ ታውቅ ነበርና መከራዋን፥ ጸሎትዋንና ተስፋዋን በልጆችዋ ስም ገለጠችው። ሮቤል፥ ስምዖን፥ ሌዊ፥ ይሁዳ የሚሉትን ስሞች ከነትርጓሜያቸው በተርታ የሚያነብ ሰው የአንዲትን ሴት የልብ ታሪክ ያነባል። ራሔልም በእኅትዋ ቀንታ፥ ልጅ ካላገኘች እንደምትሞት ለባልዋ እስከ መናገር ደረሰች።

ከብዙ ዘመን በኋላ እግዚአብሔር ራሔልን አሰባት፤ ወንድ ልጅም ወልዳ ዮሴፍ አለችው። ትርጓሜውም ይጨምር ማለት ነው፤ ይኸውም እግዚአብሔር ሌላ ወንድ ልጅ እንዲጨምርላት የለመነችበት ስም ነው። እንግዲህ ብንያም ከመፀነሱ አስቀድሞ በወንድሙ ስም ውስጥ የተለመነ ልጅ ነበር። ይህን ልብ ልንለው ይገባል፤ ያች በኋላ የኀዘን ስም ያወጣችው እናት አስቀድማ የተስፋ ስም ያወጣች እርስዋው ናትና።

ያዕቆብ ቤተ ሰቡን ይዞ ወደ ከነዓን በተመለሰ ጊዜ በያቦቅ ወንዝ መሻገሪያ ሌሊቱን ሲታገል አድሮ እስራኤል የሚል አዲስ ስም ተቀበለ፤ በቤቴልም እግዚአብሔር ተገልጦ ይህንኑ ስም አጸናለት። የቀደመው ስሙ የወንድሙን ተረከዝ ይዞ መወለዱን የሚያሳስብ ነበረ፤ ዔሳውም በረከቱን ባጣ ጊዜ ያንኑ ስም መክሰሻ አድርጎ አማሮበታል። መጽሐፈ ኩፋሌ እንደሚተርከው፥ ያዕቆብ በቤቴል ከልጆቹ ዐሥራት ሊያወጣ በቈጠረ ጊዜ ራሔል ብንያምን ፀንሳ ነበርና፥ በማኅፀን ካለው ከእርሱ ጀምሮ ወደ ላይ ቢቈጥር 10ኛው ሌዊ ሆኖ ለእግዚአብሔር ድርሻ ተለየ። ብንያም ሳይወለድ፥ ስምም ሳይወጣለት፥ ከወንድሞቹ ጋር ተቈጠረ። በዚያው ሰሞን የርብቃ ሞግዚት ዲቦራ ሞታ ከቤቴል በታች ከዛፍ ሥር ተቀበረች፤ ዛፉም የልቅሶ ዛፍ ተባለ።

ከዚያም ተነሥተው ወደ ኤፍራታ ሲጓዙ፥ ለመድረስ ጥቂት መንገድ ሲቀራቸው ራሔልን ምጥ ያዛት፤ ምጡም ጸናባት። አዋላጂቱ አሁንም የሚወለድላት ወንድ ልጅ መሆኑን ነግራ አጽናናቻት። በዮሴፍ ስም የለመነችው ልመና በመንገድ ዳር ተፈጸመላት፤ ነገር ግን ልጁ ወደ ዓለም ሲመጣ እርስዋ ከዓለም ትለይ ነበር። መጽሐፈ ኩፋሌ ልደቱ በሌሊት እንደ ነበረና ቀኑም የ8ኛው ወር 11ኛ ቀን እንደ ነበረ ይነግረናል። ራሔልም ነፍስዋ ልትወጣ ስትል ልጅዋን ቤንኦኒ ብላ ጠራችው፤ የኀዘኔ ልጅ ማለት ነው። በዚህ ልንነቅፋት አይገባንም። የቀራት ጊዜ አንድ ቃል ለመናገር ብቻ የሚበቃ ነበረ፤ በዚያም ቃል የደረሰባትን በእውነት ተናገረች። ልጅ አጥታ እሞታለሁ ያለችው ሴት ልጅ አግኝታ ሞተች።

አባቱ ግን ብንያም አለው፤ የቀኝ ልጅ ማለት ነው። ቀኝ በቅዱሳት መጻሕፍት የኀይል፥ የክብርና የበረከት ስፍራ ነው። እዚህ ላይ ያዕቆብ የነበረበትን ጭንቅ እንመልከት። ሟች የተናገረው የመጨረሻ ቃል እንደ ኑዛዜ ሆኖ እንደሚከበር በእኛም አገር የታወቀ ነው። ያዕቆብ 14 ዓመት የተገዛላት ሚስቱ የተወችለት የመጨረሻ ቃል ደግሞ ይህ ስም ነበረ። በዚያውም ላይ ቤንኦኒ የሚለው ስም የእናቲቱን ብቻ ሳይሆን የእርሱንም ልብ በትክክል የሚናገር ነበረ፤ በዚያች ሌሊት ከእርሱ ይልቅ ያዘነ ማን ነበረና? ይህ ሁሉ ሳለ ስሙን ለወጠው።

የለወጠበትን ምክንያት መጽሐፍ በግልጥ አልጻፈልንም፤ ነገር ግን ከሕይወቱ ልንረዳው እንችላለን። ስም በየቀኑ የሚጠራ ነገር ነው። ሕፃኑ ለማዕድ፥ ለሥራ፥ ለጸሎት በተጠራ ቍጥር እናቱ በእርሱ ልደት መሞትዋ ይነገረው ነበር፤ ያልበደለውን በደል እንደ ዕዳ ተሸክሞ ያድግ ነበር። ያዕቆብም ሰውን የሚከስ ስም ይዞ ማደግ ምን እንደ ሆነ ከማንም ይልቅ ያውቅ ነበር፤ እግዚአብሔርም ለእርሱ ለራሱ አዲስ ስም በቤቴል ካጸናለት ብዙ ጊዜ አላለፈም ነበር። የተቀበለውን ቸርነት በልጁ ላይ አደረገው።

ኀዘኑንስ የት አኖረው? መጽሐፍ ወዲያው ይነግረናል፤ በራሔል መቃብር ላይ ሐውልት አቆመ። ድንጋይ ኀዘንን ሊሸከም ይችላል፤ ሕፃን ግን አይችልም። ያዕቆብ ስሙን በመለወጡ ራሔልን አልረሳትም፤ 147 ዓመት ሆኖት በግብፅ ሊሞት ሲቃረብ እንኳ በኤፍራታ መንገድ መሞትዋንና መቀበርዋን ለዮሴፍ ይተርክለት ነበር። ቅዱስ መጽሐፍም የእናቲቱን ቃል አልፋቀውም፤ ሁለቱን ስሞች ጎን ለጎን አድርጎ ጠበቀልን።

ስሙ ስለ ተለወጠ ግን መከራ ከዚያ ቤት አልራቀም። ብንያም ያለ እናት አደገ፤ የእናቱ ልጅ ዮሴፍም በ17 ዓመቱ በወንድሞቹ ተሸጠ። ያዕቆብ በደም የተነከረውን ቀሚስ ባየ ጊዜ መጽናናትን እንቢ አለ፤ ከራሔል የቀረለት ብንያም ብቻ ስለ መሰለውም ከዓይኑ እንዲርቅ አልወደደም። ራብ በጸና ጊዜ 10ሩን ልጆቹን እህል ሊሸምቱ ወደ ግብፅ ሲልካቸው ብንያምን አስቀረው። የግብፅ ገዥ የሆነው ዮሴፍ ማንነቱን ሰውሮ ስምዖንን በመያዣነት ይዞ ታናሹን እንዲያመጡ ባዘዛቸው ጊዜም አባታቸው ከለከለ፤ ሮቤል የገዛ ሁለት ልጆቹን መያዣ ቢያደርግለት አልተቀበለውም። በመጨረሻ ይሁዳ ራሱ ዋስ ቢሆን፥ ራቡም ቢበረታ፥ በእግዚአብሔር ምሕረት ተማምኖ ሰደደው።

ዮሴፍ የእናቱን ልጅ ባየው ጊዜ አንጀቱ ተላወሰና ወደ እልፍኙ ገብቶ አለቀሰ፤ በማዕድም ለብንያም የቀረበለት ድርሻ ከወንድሞቹ ድርሻ 5 እጥፍ ሆነ። ከዚያም የብር ጽዋውን በብንያም ዓይበት አስደብቆ፥ ጽዋው የተገኘበት ባሪያው ሆኖ እንዲቀር ፈረደ። አስቀድሞ ዮሴፍን ለመሸጥ ምክር ያቀረበው ይሁዳ አሁን ስለ ብንያም ራሱን ለባርነት አቀረበ፤ ሽማግሌው አባታቸው በኀዘን እንዳይሞት ለመነ። ያን ጊዜ ዮሴፍ ሊታገሥ አልቻለም፤ ራሱን ገለጠላቸው፤ በብንያም አንገት ላይ ወድቆ አለቀሰ፤ ብንያምም በእርሱ አንገት ላይ አለቀሰ። ለብንያምም 300 ብርና 5 መለወጫ ልብስ ሰጠው።

በዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ ብንያም የተናገረው አንድ ቃል እንኳ ተጽፎ አናገኝም። ስለ እርሱ ይከራከራሉ፥ ስለ እርሱ ዋስ ይሆናሉ፥ ስለ እርሱ ያለቅሳሉ፤ እርሱ ግን ዝም ይላል። ይሁን እንጂ የ12ቱ ወንድሞች ዕርቅ የተፈጸመው በእርሱ ምክንያት ነው። በእናቱ አንደበት የኀዘን ልጅ የተባለው ለአባቱ ቤት የመጽናናት በር ሆነ።

መልካም ስም ግን ብቻውን ሰውን መልካም እንደማያደርገው ከነገዱ ታሪክ እንማራለን። የቀኝ ልጅ ከተባለው ከብንያም ነገድ ግራኙ ናዖድ ተነሥቶ እስራኤልን ከሞዓብ ንጉሥ እጅ አዳነ፤ የዚሁ ነገድ ሰዎች ደግሞ በጊብዓ የተፈጸመውን ጽኑ ኀጢአት በመደገፋቸው ነገዱ 600 ወንዶች ብቻ እስኪቀሩለት ድረስ ጠፋ። የእስራኤል የመጀመሪያው ንጉሥ ሳኦል ከዚህ ነገድ ነበረ፤ ባለመታዘዙም ከመንግሥቱ ተጣለ። ነገር ግን ታማኙ ዮናታን፥ ሕዝባቸውን ከጥፋት ያዳኑት መርዶክዮስና አስቴር፥ የአሕዛብም ብርሃን ቅዱስ ጳውሎስ ከዚሁ ነገድ ወጥተዋል። ስም መንገድን ያመለክታል፤ የሚሄድበት ግን ባለ ስሙ ነው።

የራሔል መቃብር በኤፍራታ መንገድ መሆኑም ያለ ምሥጢር አይደለም፤ ኤፍራታ ቤተ ልሔም ናትና። ሄሮድስ የቤተ ልሔምን ሕፃናት ባስፈጀ ጊዜ ወንጌላዊው ማቴዎስ ኤርምያስ የተናገረለትን የራሔልን ልቅሶ አስታወሰ። በዚያች ከተማ የተወለደው መድኃኒታችን ስለ እኛ የሕማም ሰው ሆነ፤ ተነሥቶም በአብ ቀኝ ተቀመጠ። ስለዚህም በብንያም ሁለት ስሞች ውስጥ የጌታችንን ሕማምና ክብር በምሳሌ የሚያዩ መምህራን አሉ።

እንግዲህ ይህን ወደ ቤታችን እንመልሰው። በአገራችን ሞት ከጐበኘው ቤት የተወለደ ልጅ ምትኩ፥ ካሣ፥ ማስረሻ ይባላል። እነዚህ ስሞች ኀዘኑን ባይሰውሩትም ፊታቸውን ወደ መጽናናት ያዞሩ ናቸውና የያዕቆብን መንገድ ይመስላሉ። ነገር ግን የቤተ ዘመድን ጠብ፥ የጎረቤትን ቂም፥ የፈሰሰን ደም ለማሳሰብ የሚወጣ ስምም አለ። እንዲህ ያለውን ስም ያወጣ ወላጅ ልቡ ቢወቅሰው ወቀሳውን አይናቀው። ስሙን መለወጥ ኀጢአት ቢሆን ኖሮ እግዚአብሔር አብራምን አብርሃም፥ ሦራን ሣራ፥ ያዕቆብንም እስራኤል ባላለ ነበር።

ነገር ግን ከያዕቆብ ሥራ ትሕትናውንም እንማር። ሚስቱን አልገሠጻትም፤ ቃልዋንም አላቃለለም። ዛሬም እናቲቱ በሕይወት ሳለች ባል ብቻውን፥ ወይም ዘመድ በግድ ስም ሊለውጥ አይገባውም፤ በዘካርያስ ቤት ዘመዶች ሕፃኑን በአባቱ ስም ሊጠሩት በወደዱ ጊዜ ዮሐንስ የሚለው ስም የጸናው ኤልሳቤጥና ዘካርያስ በአንድ ቃል ስለ ተስማሙ ነው። ለዚህም ቤተ ክርስቲያናችን ጊዜ ሰጥታናለች፤ ወንዱ በ40 ቀን፥ ሴቲቱ በ80 ቀን እስክትጠመቅ ድረስ ወላጆች ሊያስቡ፥ ሊጸልዩ፥ የንስሐ አባታቸውንም ሊያማክሩ ይችላሉ። ካህናት አባቶቻችንም የክርስትናውን ስም ከመስጠታቸው አስቀድሞ የቤቱን ስም ምክንያት ቢጠይቁ፥ ይልቁንም የእናቲቱን ልብ ቢሰሙ፥ የተሰወረ ኀዘን በዚያ ሊያገኙ ይችላሉ።

ወላጆቹ በኀዘን ስም የጠሩት ልጅ አድጎ ከሆነም ተስፋ አይቍረጥ። በጥምቀት የተቀበለው፥ በሥጋ ወደሙ ፊት፥ በጸሎትም በፍትሐትም የሚታሰብበት ሌላ ስም አለው። እናቱ በሰቀቀን ቤንኦኒ ብትለው እንኳ፥ የሰማዩ አባት በቀኙ ሊያቆመው ይጠራዋል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።