ዴኒስ በርኪት እና የቆላው ልጆች የመንጋጋ ዕጢ

ስማቸው የአንድ በሽታ መጠሪያ ሆኖ ከቀረላቸው ሐኪሞች አንዱ ዶክተር ዴኒስ በርኪት ናቸው። በ1911 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሰሜን አየርላንድ በኤኒስኪለን ከተማ ተወለዱ። የ11 ዓመት ልጅ ሳሉ በደረሰባቸው አደጋ አንድ ዓይናቸውን አጡ። በደብሊን ሕክምና ተምረው፣ በጦርነቱ ዘመን በጦር ሐኪምነት አገልግለው፣ በ1946 በቀዶ ጥገና ሐኪምነት ወደ ኡጋንዳ ሄዱ።

በ1957 በካምፓላው ሙላጎ ሆስፒታል ባልደረባቸው ዶክተር ሂው ትራውል ላይኛውም ታችኛውም መንጋጋው በግራና በቀኝ ያበጠ የአምስት ዓመት ሕፃን አሳዩዋቸው። መግል የቋጠረ ቁስልም ሆነ እስከዚያ የታወቀው የነቀርሳ ዓይነት አራቱንም ወገን በአንድ ጊዜ ስለማይይዝ ነገሩ ግራ አጋባቸው። ብዙም ሳይቆይ በጂንጃ ሆስፒታል ፊቱ ያበጠ ሌላ ሕፃን አዩ፤ ሲመረምሩትም በሆዱ ውስጥ ዕጢ አገኙ። የመንጋጋው በአንድ ስም፣ የሆዱ በሌላ ስም ሲመዘገብ የኖረው አንድ በሽታ መሆኑ እንዲህ ተገለጠ። በ1958 ግኝታቸውን አሳተሙ።

በ1961 ከሁለት ባልደረቦች ጋር በአሮጌ መኪና 16,000 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው፣ ከሆስፒታል ሆስፒታል የሕሙማኑን ፎቶግራፍ እያሳዩ ጠየቁ። በሽታው ሞቃትና ዝናባማ ቆላ እንደሚወድ፣ ደጋን እንደሚሸሽ ተረዱ። ለዚህ የእኛ አገር ሰው ማስረጃ አያሻውም፤ ከደሴ ተነሥቶ ወደ ኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን፣ ወደ ከሚሴ የሚወርድ መንገደኛ ብርዱን ትቶ ወደ ወባ አገር መግባቱን ያውቃልና። በኋላም በ1964 ኤፕስታይንና ረዳቶቻቸው ከዕጢው ቫይረስ አገኙ፤ ቫይረሱ በዓለም ሁሉ ቢኖርም ዕጢውን በቆላ የሚያበዛው የወባ መደጋገም ነው።

ስለ ሕክምናው ስንናገር በርኪት ቢላዋቸውን ማስቀመጣቸውን ማድነቅ ይገባናል። ቀዶ ጥገና ፊትን ከማበላሸት በቀር አልፈየደም፤ በካምፓላም የጨረር መሣሪያ አልነበረም። ስለዚህ ሜቶትሬክሴትና ሳይክሎፎስፋማይድ ሰጡ፤ እብጠቱ በቀናት ውስጥ ጠፋ፤ ከሕፃናቱም አንዳንዶቹ ፈጽመው ዳኑ። ይህ በመድኃኒት ብቻ ከሚድኑት የመጀመሪያዎቹ ነቀርሳዎች አንዱ ሆነ። ዛሬ መድኃኒቶቹ ተጣምረው ይሰጣሉ። ዕጢው ግን በጥቂት ቀናት እጥፍ ስለሚሆን ጊዜ አይሰጥም። ከሁሉ አስቀድሞ የሚታየው ምልክት የመንጋጋ ጥርስ መነቃነቅ ሊሆን ስለሚችል፣ በከሚሴም ሆነ በሌላ ቆላ ያለ የጥርስ ባለሙያ ጥርሱን ከመንቀሉ በፊት የሕፃኑን ሆድ ሊዳስስ፣ ናሙናም ሊያስመረምር ይገባዋል።

በርኪት በ1966 ወደ እንግሊዝ ተመልሰው ስለ አሠር ያለው ምግብ ጥቅም በመስበክ ታወቁ፤ እኔ ግን የኡጋንዳውን ሥራ አስበልጣለሁ። በ1993 ዐረፉ።